ድል አድርጎ መደራደር፦ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በግብፅ፣ በጣሊያንና በመሐዲስቶች መካከል (1864–1881 ዓ.ም.)

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ይበልጥ የሚታወቁት በጦር ሜዳ ነው። ጉንደት፣ ጉራዕና መተማ ከስማቸው ተነጥለው አይጠሩም። ይሁን እንጂ የዘመነ መንግሥታቸውን ክንውኖች በጊዜ ቅደም ተከተል ለሚያጠና ሰው ሌላም ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ንጉሠ ነገሥቱ ድል ባደረጉ ማግስት ጦርነቱን ከማስፋት ይልቅ መልእክተኛና ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ከግብፅ ጋር የነበረው ፍጥጫ በዚህ መንገድ 12 ዓመት ያህል ከጠረፍ ወረዳዎች ሳያልፍ ተገትቶ ቆየ። ሰላም ያመጣል ተብሎ የዐድዋ ውል ከተፈረመ በኋላ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላ አገሪቱ በሁለት ግንባር ተወጠረች፤ ንጉሠ ነገሥቱም መተማ ላይ ወደቁ። ይህ ለምን ሆነ? የተለመደው መልስ የንጉሠ ነገሥቱን ሃይማኖታዊ ግለት ወይም የእንግሊዝን ክዳት ያነሣል። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ዋናው ምክንያት ግን በውሉ አሠራርና ጠረፉን ይጠብቁ ለነበሩት ሹማምንት በተሰጠው ሰፊ ሥልጣን ውስጥ የሚገኝ ይመስላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተምቤን እስከ አክሱም

የንጉሥነት ስማቸው ዮሐንስ ከመባሉ በፊት ካሣ ምርጫ የተባሉት እኚህ ሰው በ1829 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው ወይዘሮ ስላስ ድምፁ ይባላሉ፤ በእናታቸው በኩል ከእንደርታ መሳፍንት ይወለዳሉ። በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ካመፁት የሰሜን መኳንንት አንዱ ስለነበሩ፣ በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት መንገድ ከፈቱለት፤ ስንቅም እንዲያገኝ ረዱ። ጦሩ እስረኞቹን አስለቅቆ ሲመለስ መድፍ፣ ጠመንጃና ጥይት ትቶላቸው ሄደ። በዚህ መሣሪያ ተደግፈው በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ከዐድዋ አጠገብ አሰም ላይ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ማረኩ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ጽዮን ላይ ዘውድ ጫኑ።

የናፒየር ዘመቻ ከመሣሪያው በላይ የሆነ ነገር ጥሎ ያለፈ ይመስላል። ለተወሰነ ዓላማ መጥቶ፣ ዓላማው ሲፈጸም መሬት ሳይዝ የወጣ የባዕድ ጦር ካሣ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ዘመን ድረስ እንግሊዝን ቃሏን የምትጠብቅ ዳኛ አድርገው የማየት ዝንባሌ አልተለያቸውም።

ዘውዱን በጫኑበት ዓመት ስዊዘርላንዳዊው የምጽዋ ገዥ ቨርነር ሙንዚንገር በኸዲቭ ኢስማኢል ስም ከረንን ያዘ፤ ቦጎስም በግብፅ እጅ ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ወዲያው ጦር አላነሡም። ከናፒየር ጦር ተነጥሎ አገር ውስጥ ቀርቶ ወታደሮቻቸውን ያሠለጥን የነበረውን እንግሊዛዊ ጆን ኪርክሃምን ለንግሥት ቪክቶሪያና ለሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት የተጻፈ አቤቱታ አስይዘው ላኩ። ምላሹ ባዶ ነበር። ለአውሮፓ መንግሥታት የስዊዝ ቦይ ባለቤት ከአንድ የክርስቲያን ንጉሥ አቤቱታ ይበልጥ ይከብዳል። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር፤ ነገር ግን አቤቱታ የማቅረብ ልማዱን አላስተዋቸውም።

ከጉራዕ በኋላ

በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ ግብፅ በአንድ ጊዜ በብዙ አቅጣጫ ተነሣች። ራዑፍ ፓሻ ሐረርን ያዘ፤ ሙንዚንገር በአውሳ በኩል ሲገባ በአፋሮች እጅ ተገደለ፤ የዴንማርኩ ተወላጅ አሬንድሩፕ ደግሞ ከምጽዋ ተነሥቶ በሐማሴን በኩል ወደ መረብ ወረደ። የአሬንድሩፕ ጦር በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ ተደመሰሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ወደ ምጽዋ አልገሰገሱም። ካይሮ ግን ድሉን እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን እንደ ውርደት ቆጠረችው፤ ከወራት በኋላም እጅግ የበዛ ጦር ላከች። በዚህ ጦር ውስጥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ መኮንኖች የነበሩ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ ጄኔራል ሎሪንግ የጦሩ አዛዥ የራቲብ ፓሻ የቅርብ ረዳት ነበር። በየካቲት መጨረሻ ከምሽጉ የወጣው ጦር ጉራዕ ላይ ተሸነፈ። በተከታዮቹ ቀናት የኢትዮጵያ ወታደሮች ምሽጉን በቀጥታ ሲያጠቁ ግን ብዙ ሰው አለቀባቸው እንጂ አልሰበሩትም። ለኋላው ታሪክ ከሜዳው ድል ይልቅ ይህ የምሽግ ልምድ ሳይከብድ አይቀርም።

አሸናፊው ንጉሥ ድርድር ከፈቱ፤ የተረፈው የግብፅ ጦርም ወደ ምጽዋ ወረደ። በዚያን ጊዜ የነበሩ ብዙ ወታደሮች እስከ ባሕር ለምን አንወርድም ብለው ይሆናል፤ ከኋላ የመጡ ጸሐፊዎችም ይህን ጥያቄ ሲያነሡት ይታያል። ምክንያቶቹን ከሁኔታዎቹ ማንበብ ይቻላል። የኢትዮጵያ ጦር መደበኛ የስንቅ አቅርቦት አልነበረውም፤ የሚበላው ከሰፈረበት አገር ነበር፤ የሐማሴን ገበሬ ደግሞ በሁለት ዘመቻ ተራቁቷል። ምጽዋ ብትያዝም በጦር መርከብ የምትጠበቅን ደሴት ያለ መርከብ ይዞ ማቆየት አይቻልም። በደቡብ ንጉሥ ምኒልክ ገና አልገበሩም። አንድ ሌላ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል፦ ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ መንበር ነበርና ከግብፅ ጋር ፈጽሞ መቆራረጥ ማለት ቤተ ክርስቲያንን ያለ ጳጳስ ማስቀረት ማለት ነበር። አቡነ አትናቴዎስ በዚያው ዓመት ስላረፉ ችግሩ የሩቅ ሥጋት አልነበረም። አራቱ ጳጳሳት የመጡት ከአምስት ዓመት በኋላ በ1873 ዓ.ም. ነው።

ቁጥብነቱ ዋጋ አስከፍሏል። ለሰላም ወደ ካይሮ የተላኩት ብላታ ገብረ እግዚአብሔር እንደ መልእክተኛ ሳይከበሩ እንደ እስረኛ ተያዙ። የሐዘጋው ራስ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ከግብፅ ወገን ሆነው ሐማሴንን ደጋግመው ወረሩ፤ ራስ ባርያውንም ገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ለዚህ የሰጡት መልስ መረብ ምላሽን ለራስ አሉላ መስጠት ነበር። ከዝቅተኛ ቤተሰብ በችሎታቸው የወጡት አሉላ ጠረፉን አጸኑ፤ ወልደ ሚካኤልንም በ1871 ዓ.ም. ያዙ። ጦርነቱ በክፍለ ሀገር ደረጃ እንዲቀር የተደረገው ውሳኔውን ለአንድ ብርቱ ሹም በመስጠት ነበር። በዚያን ጊዜ መፍትሔ የነበረው ይኸው አሠራር ከስምንት ዓመት በኋላ የችግሩ መነሻ ይሆናል።

በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ጎርደን በኸዲቩ ስም ደብረ ታቦር መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ቦጎስን፣ መተማን፣ የባሕር በርና የጦር ካሣ ጠየቁ፤ ጎርደን ከመጣበት ያመጣው ሥልጣን ይህን የሚሸፍን ስላልነበረ ንግግሩ ያለ ውጤት ተበተነ። እንዲህ ባለው ሰላምም ጦርነትም በሌለበት ዘመን ግን ዐፄ ዮሐንስ አገር ውስጥ ብዙ ሠሩ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ስያሜያቸውን ትተው ያለ ውጊያ ገበሩ፤ የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸና። በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን ክርክር ተዘጋ። የዚያ ጉባኤ ሌላው ውጤት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ መገደዳቸው ነበር፤ ለባዕድ መንግሥት የታገሡ ንጉሥ ለራሳቸው ዜጎች ያን ያህል አልታገሡም። ይህ ተቃርኖ በማንኛውም ሚዛን ከስማቸው ሊፋቅ አይገባም፤ በውጭ ግንኙነትም ቢሆን በምዕራብ ጠረፍ ለሚነሣው ጠላት የቅስቀሳ መሣሪያ ሳይሆን አልቀረም።

የዐድዋ ውል

በሱዳን መሐዲው ተነሥቶ የግብፅ ጦር ሰፈሮች ሲከበቡ የኃይል ሚዛኑ ተገለበጠ። ግብፅን በ1874 ዓ.ም. የያዘችው እንግሊዝ የተከበቡትን ወታደሮች ማውጫ መንገድ ፈለገች፤ መንገዱ ያለው በኢትዮጵያ በኩል ነበር። የባሕር ኃይል አዛዡ ሰር ዊልያም ሂዌት ለእንግሊዝ፣ ሜሰን ቤይ ለኸዲቩ ሆነው በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተፈራረሙ።

በውሉ መሠረት ማንኛውም ሸቀጥ፣ የጦር መሣሪያም ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምጽዋ በኩል በነፃ እንዲያልፍ ተፈቀደ፤ ቦጎስ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በአጸፋው ንጉሠ ነገሥቱ ከከሰላ፣ ከአሚዴብና ከሰንሒት የሚወጡ የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው አልፈው ወደ ምጽዋ እንዲደርሱ ሊረዱ ቃል ገቡ። ከኸዲቩ ጋር ወደፊት የሚነሣ ጠብ ለእንግሊዝ ንግሥት ዳኝነት እንዲቀርብም ተስማሙ። በ1864 ዓ.ም. በኪርክሃም እጅ የተላከው አቤቱታ በ12 ዓመቱ መልስ ያገኘ መሰለ። ያለ አዲስ ጦርነት ቦጎስ ተመለሰች፤ ከዲፕሎማሲ አንጻር ይህ ንጉሠ ነገሥቱ በዘመናቸው ያገኙት ከፍተኛው ውጤት ነው።

የውሉ ጉድለት የሚታየው የዳኝነቱ አንቀጽ በስም የጠራው ማንን እንደሆነ ሲጤን ነው። የጠራው ኸዲቩን ነበር። ምጽዋ ከኸዲቩ እጅ ብትወጣ አዲሱ ባለቤት ለዳኝነት ይቀርባል የሚል ቃል የለበትም። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ ይሁንታ የጣሊያን ጦር ምጽዋ ገባ። የኢትዮጵያና የግብፅን ጠብ እንዲያበርድ የተሠራው ማሰሪያ በኢትዮጵያና በጣሊያን መካከል ፈጽሞ አልነበረም።

በምዕራብ ደግሞ ውሉ የሌላውን ጠላት ወደ ኢትዮጵያ አዛወረ። ከዚያ በፊት ከመሐዲስቶቹ (በአገር ልማድ ድርቡሽ ከሚባሉት) ጋር የሞት ሽረት ጠብ አልነበረም። የኢትዮጵያ ጦር የተከበቡትን ሲያወጣ ግን ከከባቢዎቹ ጋር ደም ተቃባ። የከሰላን ጦር ለማዳን ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ የዑስማን ዲግናን ሠራዊት ድል ነሡ፤ ብዙ የኢትዮጵያ ወታደርም ወደቀ። ከሰላ ግን ባለፈው ሐምሌ እጇን ሰጥታ ነበር። ውጊያው የተደረገው አስቀድሞ ለጠፋ ከተማ ነው፤ ጠላትነቱ ግን ቀረ።

ጥር 1879

ጣሊያኖች መጀመሪያ ውሉን እናከብራለን አሉ። ቀስ በቀስ ግን የጦር መሣሪያ ማሳለፉን ከለከሉ፤ ከምጽዋ ወደ ውስጥም መግፋት ጀመሩ። ከወደቡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሰሓጢ ስትያዝ አሉላ ለቅቀው እንዲወጡ ጠየቁ፤ የካውንት ሳሊምቤኒን የልዑካን ቡድንም በመያዣነት አሠሩ። በጥር 1879 ዓ.ም. ሰሓጢን አጠቁና ተመለሱ፤ በማግስቱ በኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ መሪነት ለእርዳታ ይመጣ የነበረውን 500 ያህል ሰው ዶጋሊ ላይ ከበው ደመሰሱት።

በዚያው ወር ከዶጋሊ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ላይ የመሐዲስቶቹን አዛዥ ወድ አርባብን ድል አድርገው ገደሉት። ሁለት ሹማምንት፣ በሁለት ጠረፍ፣ በአንድ ወር ሁለት ድል አስመዘገቡ። ለንጉሠ ነገሥቱ ግን ይህ አንዱን ጠላት ከሌላው ለይቶ የመያዝ ዕድል ያከተመበት ወር ነበር። የአሉላ እርምጃ በቅድሚያ ታውቆ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነጥብ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። መልሱ የትኛውም ቢሆን ከግብፅ ጋር በነበረው ፍጥጫ የሠራው ሥርዓት፣ ማለትም ጠረፉን ለሹሙ ሰጥቶ የፖለቲካውን ቁልፍ በማእከል ማቆየት፣ በዚህ ጊዜ እንዳልሠራ ግልጽ ነው። አሉላ ወራሪን የመከላከል መብት እንደነበራቸው አይካድም፤ ሰሓጢ በስምምነት የተሰጠ መሬት አልነበረምና። ጥያቄው የመብት ሳይሆን የጊዜ ምርጫ ነው።

የአንድ ቀን ውጊያ ሮም ላይ ያስከተለው ከሜዳው ስፋት ጋር የማይመጣጠን ነበር። የዴፕሬቲስ ካቢኔ ተናጋ፤ ምክር ቤቱ ለአፍሪካ ዘመቻ 20 ሚሊዮን ሊራ ፈቀደ፤ ክሪስፒ ሥልጣን ላይ ወጣ። ለሙታኑ ሐውልት ቆመ፤ ሮም ውስጥ ዛሬም የአምስት መቶዎቹ የሚባል አደባባይ አለ። ከዚያ በኋላ ለማንኛውም የጣሊያን መንግሥት ከሰሓጢ መውጣት የፖለቲካ ሞት ሆነ። ለኢትዮጵያ በአንጻሩ ሰሓጢን መስጠት መረብ ምላሽን በሙሉ ለጥያቄ መክፈት ነበር። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጄራልድ ፖርታል ለሽምግልና ከእንግሊዝ ሲላክ፣ የያዘው የጣሊያንን የይቅርታና የመሬት ጥያቄ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አሻንጌ ሐይቅ አጠገብ ተቀብለው አነጋገሩት፤ የአሉላንም ሥራ ደገፉ፤ መሬት ግን አልሰጡም። እንደ ዳኛ ይታመን የነበረው መንግሥት ተከራካሪ ወገንን ወክሎ መጣ።

ከሰሓጢ ወደ መተማ

በመጋቢት 1880 ዓ.ም. 80,000 የሚገመት የኢትዮጵያ ጦር ሰሓጢ ፊት ለፊት ሰፈረ። በወዲያኛው በኩል ጄኔራል ሳን ማርዛኖ 20,000 ያህል ሰው ይዞ በምሽግ ውስጥ ነበር፤ ከምጽዋ እስከ ሰሓጢ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶለታል፤ የሠራዊቱን እንቅስቃሴ በፊኛ ከሰማይ ይመለከት ነበር። ጣሊያኖች ከምሽግ አልወጡም። ንጉሠ ነገሥቱም ምሽጉን አላጠቁም። ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ከዚያም ሠራዊቱ ድንኳኑን ነቅሎ ተመለሰ።

ይህ መመለስ በአንዳንድ ጽሑፎች እንደ ሽንፈት ተቆጥሯል። ፍርዱ ሚዛናዊ አይመስልም። ጉራዕ ላይ ምሽግ ምን እንደሚያደርግ ያዩ ሰው፣ ስንቁ የተመናመነ ጦር ይዘው፣ ከኋላቸው ጎንደር ተቃጥላ የነበረችበት ጊዜ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶቹ አዛዥ አቡ አንጃ ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደርን ዘርፏት ነበር። በስተደቡብ ምኒልክ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ እንደሚያገኙ ተስፋ ተሰጥቷቸው ከጣሊያን ጋር የገለልተኝነት ስምምነት አድርገዋል። ሰሓጢ ላይ ሁለቱ ጦሮች ሳይዋጉ መለያየታቸው ጣሊያንንም ብዙውን ጦር ወደ አገሩ እንዲመልስ አደረገው። ከዶጋሊ ወዲህ ያለማቋረጥ ሲንር የነበረው ፍጥጫ የበረደው በዚህ መንገድ ነው፤ ለዚህም የበቃው አንድ ንጉሥ የራሱን ሠራዊት ቁጣ ችሎ ስለተመለሰ ነው።

ያ በጋ ሲያልፍ ሐዘንና ጥርጣሬ ተደራረቡ። ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ ተማክረውባቸዋል ተባለ፤ ጎጃም በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ክፉኛ ተመዘበረች። ቂሙ በዘመኑ ሰዎች አንጎርጉሮ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ በውጭ ድንበር ላይ የታየው ቁጥብነት እዚህም አልነበረም።

በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ጻፉ። ፍሬ ሐሳቡ ሁለቱ አገሮች በየድንበራቸው ቢቀመጡ፣ ቢነግዱና ለሁለቱም ጠላት በሆኑት አውሮፓውያን ላይ ቢተባበሩ ይሻላል የሚል ነበር። በስትራቴጂ ሚዛን ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የኸሊፋ አብዱላሂን መንግሥት ያፈረሰው የእንግሊዝ ጦር ነው። መልሱ ስድብ የተሞላበት ሆኖ እስልምናን እንዲቀበሉ የሚጠይቅ ነበር። የኸሊፋው መንግሥት ቅቡልነት በጂሃድ ላይ የቆመ ስለነበረ፣ ከክርስቲያን ንጉሥ ጋር እኩል ሆኖ ድንበር መካለል ለእርሱ የራሱን መሠረት መናድ ነበር። ከኸዲቩ ጋር የሠራው የመልእክተኛና የደብዳቤ መንገድ ጥቅምና ኪሳራን በአንድ ዓይነት ሚዛን የሚመዝን ተቃራኒ ይፈልጋል፤ ኦምዱርማን ውስጥ እንዲህ ያለ ሚዛን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ የቀራቸውን ምርጫ መረጡ። ወደ ሸዋ መዝመትን ትተው ወደ መተማ ወረዱ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የመተማን የእሾህ ቅጥር ጥሶ ገባ። አቡ አንጃ ቀደም ብሎ ሞቶ ነበር፤ መከላከያውን የያዘው ዘኪ ጡማል ነው። ድሉ ሊጨበጥ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ሠራዊቱ ይህን ሲሰማ ተፈታ። በማግስቱ አረፉ፤ ራስ መንገሻን ወራሽ አድርገው እንደሰየሙ ይነገራል። አስከሬናቸውን ይዘው ሲያፈገፍጉ የነበሩት መኳንንት ተደረሰባቸው፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ከ53 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ምኒልክ ውጫሌ ላይ ከጣሊያን ጋር ውል ተፈራረሙ። በግንቦት መጨረሻ የጣሊያን ጦር ከረን ገባ። ከአንድ ዓመት በፊት ከሰሓጢ ምሽግ አልወጣም ያለው ሠራዊት በሐምሌ ወር ያለ ጉልህ ውጊያ ዳገቱን ወጥቶ አስመራን ያዘ።